ጉንጭ ሲቀላ፦ «ብለሽ» ስለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ብለሽ» ማፈር ማለት ነው?

መልስ፦ ማፈር ብቻ አይደለም። ፊት ላይ የሚታየው መቅላት ነው። ሰው ሲያፍርም፣ ሲመሰገንም፣ የሚወደው ሰው ድንገት ሲያየውም ጉንጩ ደም ይለብሳል። ልደብቀው ቢሉት አይደበቅም። ደራሲዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «አት ፈርስት ብለሽ» ሲሉስ እፍረቱ የት አለ?

መልስ፦ እፍረት የለበትም። ቃሉ ድሮ «አየት ማድረግ» የሚል ትርጉምም ነበረው። እዚህ አባባል ውስጥ የቀረው እሱ ነው። «ላይ ላዩን ሲያዩት» ብላችሁ ተርጉሙት።

ጥያቄ፦ በ1751 እ.ኤ.አ. በታተመው የቶማስ ግሬይ የመቃብር ስፍራ ግጥም አበባ ማንም ሳያያት «ብለሽ» ታደርጋለች። አበባ ታፍራለች?

መልስ፦ ትፈካለች ማለቱ ነው። ግን «ፈካች» ብቻ ካልን አንድ ነገር ይጎድላል። ሰው የሚቀላው ሰው ሲያየው ነው። እሷን የሚያያት የለም። ገጣሚው የሚያዝነው ችሎታቸው ሳይታወቅ ለተቀበሩት የገጠር ድሆች ነው። ይህች መስመር ሁልጊዜ ሆዴን ታባባዋለች።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሰውስ ይቀላል?

መልስ፦ አዎ፣ ግን ብዙም አይታይም። ዳርዊን በ1872 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ፊቷ ላይ ጠባሳ ስላላት ጥቁር ሴት ይጠቅሳል። ድንገት ሲያናግሯት ጠባሳዋ ይቀላ ነበር።

ጥያቄ፦ ልቦለድ እየተረጎምኩ ነው። «ጉንጯ ቀላ» ልበል?

መልስ፦ እኔ አብዛኛውን ጊዜ አልልም። እንግሊዝኛ እፍረትን ጉንጭ ላይ ያያል፤ አማርኛ ግን ዓይንና አንገት ላይ። «ዓይነ አፋር» የምንለው በምክንያት ነው። «አንገቷን ደፋች» ወይም «ዓይኗን ሰበረች» በል። ፍቅር ካለበት ደግሞ «ተሽኮረመመች» አለልህ። እንዲህ ያለ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

አንዳንዴ ግን ቀለሙን መጣል አይቻልም። በሼክስፒር «ማች አዱ አባውት ነቲንግ» ተውኔት ውስጥ ሄሮ የምትባለው ሙሽራ በሠርጓ ዕለት በሐሰት ትከሰሳለች። ፊቷ ይቀላል። ሙሽራው ክላውዲዮ ጥፋተኛ ስለሆነች ነው ይላል። መነኩሴው ያንኑ ፊት አይቶ ንጹሕ ናት ይላል። እዚህ ቦታ «አንገቷን ደፋች» ብትል ጉድ ይፈላል፤ አንገት የደፋች ሴት ፊት አይታይማ! ሁለቱ የሚጣሉበት ነገር ይጠፋል። እዚያ ጋ ያለማመንታት «ፊቷ ቀላ» በል።