መልስ፦ ሊበርታሪያኖች የኪራይ ቁጥጥርን የሚቃወሙት ለአከራይ አድልተው ነው ወይ?

በኔ እምነት አይደለም ወንድሜ። ሊበርታሪያን የሚባሉት የግለሰብን ነፃነት ከሁሉ የሚያስቀድሙ ሰዎች ናቸው። መነሻቸው ቀላል ነው፤ ሰው የራሱ ጌታ ነው፣ ለፍቶ ያፈራውም የራሱ ነው። መንግሥት ነፍስና ንብረት ይጠብቅ፣ ውል ያስከብር፤ ዋጋ ግን አይተምን ይላሉ። ኢኮኖሚስቱ ሃየክ እንዳስረዳው ዋጋ መረጃ ያቀብላል። ኪራይ ሲወደድ «ቤት አንሷል፣ ሥሩ» እያለ ነው። በአዋጅ ብታስረው እጥረቱ አይጠፋም።

ፒያሳና አራት ኪሎ የኖረ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ፣ ኪራይም ቀነሰ። ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን በዚያ ኪራይ ጣሪያውን ማን ይቀይር? ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቢያድሰውም ቤቱ የእሱ አይሆንም። ስንቱ የቀበሌ ቤት ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሰው ኖረበት! በጣም ያሳዝነኛል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320ም የኪራይ ጭማሪን መንግሥት እንዲወስን ያደርጋል። ሰው ለኪራይ ብሎ ቤት መሥራት እንዳይተው እሰጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተማ ውስጥ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። ስለዚህ ኪራዩን ለገበያ ለቅቆ የመሬቱን በር መዝጋት ተከራዩን ብቻ ይጎዳል። ነፃ ገበያ የሚሉ ወገኖቻችን መጀመሪያ ስለ መሬቱ ይናገሩ።