ቦርጭ እየጠፋ ጡንቻ ይወጣል? የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዙሪያቸው አንድ ነው፤ መክሳትና ጡንቻ ማውጣት። ጠያቂዎቹ ብረት ማንሳት ከጀመሩ ገና ጥቂት ወራቸው ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው። ቦርጭ አለኝ፣ ክንዴ ግን ቀጭን ነው። መጀመሪያ ልክሳ ወይስ ጡንቻ ላውጣ? አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለኛል።

መልስ፦ ተረቱ ልክ ነው፤ ስህተቱ ለአንተ መተረቱ ነው። ለዓመታት ብረት ሲገፋ የኖረ ሰው ሁለቱን ባንዴ ማግኘት በጣም ይከብደዋል። የጀማሪ ነገር ግን ሌላ ነው። ጡንቻህ እንዲህ ያለ ጫና አይቶ ስለማያውቅ በትንሹም ያድጋል። ለእድገቱ የሚሆነውን ጉልበት ደግሞ ቦርጭህ ላይ አስቀምጠሃል። ከምግብህ ትንሽ ስትቀንስ ሰውነትህ ከዚያ ይስባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳ ከሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። ውፍረት ያስቸገራቸው 40 ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ 40 በመቶው ተቀነሰባቸው፤ በሳምንት 6 ቀንም ከባድ ስፖርት ሠሩ። ግማሾቹ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 2.4 ግራም ፕሮቲን በሉ፤ ግማሾቹ 1.2። ብዙ ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ አጥተው፣ ስብ ያልሆነው የሰውነታቸው ክፍል በ1.2 ኪሎ ጨመረ። ሌሎቹ 3.5 ኪሎ ስብ ቀነሱ፤ ጡንቻቸው ግን ባለበት ቆየ። አየህ፣ ትንሽ ፕሮቲን የበሉትም ቢሆኑ ጡንቻቸው አልጠፋም።

ይህን አንብበህ «እኔም 40 በመቶ ልቀንስ» እንዳትል አደራ። እነሱ ምግባቸው ተለክቶ እየቀረበላቸው፣ ያውም ለ4 ሳምንት ብቻ ነው። አንተ ሥራ አለህ፣ ኑሮ አለህ። በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃሃል። ለብዙ ሰው ይህ ጣፋጭ መጠጥ መተውና ሳህኑን በትንሹ ማሳነስ ማለት ነው። ፕሮቲኑን ለአንድ ኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ያዘው፤ 75 ኪሎ ከሆንክ በቀን 120 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ በእንቁላል ብቻ ልሙላ ካልክ 20 ሊያስፈልግህ ነው! ስለዚህ ሥጋውን፣ ዓሣውን፣ ወተቱን፣ ጥራጥሬውን አሰባጥረህ በየገበታው አከፋፍለው።

ጥያቄ፦ ጂም ገብቼ የቱን እንደምይዝ ግራ ይገባኛል። ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ፕሮግራም እቀይራለሁ። ደግሞ ብረት ካነሳሁ እንደ ወንድ እንዳልፈረጥም እፈራለሁ፤ ስለዚህ ትሬድሚሉ (የመሮጫ ማሽኑ) ላይ እቀራለሁ።

መልስ፦ ከፍርሃትሽ ልጀምር። ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በወንዶች ከሴቶች በአማካይ 15 እጥፍ ያህል ነው። አንቺ የምትፈሪው ዓይነት ሰውነት የዓመታት ልፋት ውጤት ነው፤ ሳታስቢው አንድ ቀን ጠዋት አይመጣብሽም። ትሬድሚሉን አልጠላውም፣ ለልብ ጥሩ ነው። ግን እየከሳሽ ጡንቻሽን እንድታቆዪ የሚያደርግሽ ብረቱ ነው።

ፕሮግራም መቀያየሩን ግን አቁሚ። ይህን የምለው ከራሴ ነው። የመጀመሪያውን ዓመቴን ያባከንኩት በየሳምንቱ አዲስ ፕሮግራም ሳሳድድ ነው። ስንት ኪሎ እንዳነሳሁ አልጽፍም ነበር፤ ልምምዱም ስለሚቀያየር ልጽፍ ብልም የማወዳድረው አልነበረኝም። ደብተር ስይዝ ነው ነገሩ የተለወጠው።

በሳምንት 3 ቀን በቂ ነው፤ በየመሀሉ አንድ ቀን እያረፍሽ። በእያንዳንዱ የልምምድ ቀን መላ ሰውነትሽን ሥሪ፦ አንድ የእግር፣ ለምሳሌ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፤ አንድ የሚገፋ፣ እንደ ፑሽ አፕ ወይም ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት)፤ አንድ ወደ ራስሽ የሚሳብ፤ አንድ ደግሞ ከወገብ ጎንበስ ብለሽ የምታነሺው፣ እንደ ዴድሊፍት። እያንዳንዱን 3 ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ዙሩን ስትጨርሺ «ሁለት ብቻ መጨመር እችል ነበር» ካልሽ ክብደቱ ልክሽ ነው። አሥር ትጨምሪ ከነበረ ቀሎሻል። በሦስቱም ዙር 12 ስትደርሺ ትንሽ ኪሎ ጨምረሽ እንደገና ከ8 ጀምሪ። ጨዋታው ሁሉ ይኸው ነው። አሰልቺ ነው? አዎ። ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሙሉ ሠርቼ ከ74 ኪሎ ወደ 73 ብቻ ወረድኩ። ሱሪዬ ግን ሰፍቶኛል። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሚዛኑ ጤነኛ ነው፤ ስቡን ከጡንቻው መለየት ግን አይችልም። 3 ኪሎ ስብ ወጥቶ 2 ኪሎ ጡንቻና ውሃ ቢገባ፣ እሱ የሚያሳይህ አንዷን ኪሎ ብቻ ነው። ውሃውን አትናቀው። ጡንቻ ለጉልበት የሚያከማቸው ስኳር ግላይኮጅን ይባላል፤ እያንዳንዱ ግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ስፖርት የጀመረ ሰው ደግሞ ይህ ክምችቱ ይጨምራል። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳትበላ ወገብህን በእምብርትህ ትክክል በሜትር ለካ። ወገብህ እየጠበበ የምታነሳው ኪሎ ከጨመረ፣ ምንም አትንካ። ለአንድ ወር ሁለቱም ካልተነቃነቁ ያኔ ምግብህን እንመርምር። ለጊዜው ግን ሱሪህን እመን።

ጥያቄ፦ በቀን 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። ቦርጩ ለምን አይሄድም?

መልስ፦ ሲት አፕ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ እንጂ ከላይ ያለውን ስብ መርጦ አያቀልጥም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ሰዎች 6 ሳምንት የሆድ ስፖርት ሠርተው የሆዳቸው ስብ አልቀነሰም። ስቡ ከየት ቦታ ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ሰውነትህ ነው፤ ለብዙ ወንዶች ሆድ መጨረሻ ነው። በነገራችን ላይ፣ 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው የሚወጣው በትንፋሽ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ። ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሮጥ ሰው የሚያጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጣ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናት፣ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ደካማ ሰዎች በ8 ሳምንት የእግር ልምምድ ጥንካሬያቸው በ174 በመቶ ጨምሯል። እርስዎ ገና ልጅ ነዎት። ግን መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ቀላል ክብደት ይምረጡ፣ ሲያነሡም ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ትንፋሽ መያዝ ግፊቱን ያሻቅበዋል።

ጥያቄ፦ ክሬቲን? ፕሮቲን ፓውደር? ስብ የሚያቃጥል ክኒን?

መልስ፦ ክሬቲን፣ ጡንቻ ለአጭር ከባድ ሥራ የሚጠቀምበት ንጥረ ነገር፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይሠራል፤ መጀመሪያ ሰሞን ውሃ ስለሚይዝ ሚዛን ላይ ብትጨምር አትደንግጥ። ፓውደሩ ምግብ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም፤ በሳህንህ ከሞላልህ ተወው። ክኒኑን እርሳው። ኩላሊትህን የሚያምህ ከሆነ ግን ክሬቲኑንም ፓውደሩንም ያለ ሐኪም አትጀምር።

ጥያቄ፦ ጂም ለመድረስ ሌሊት እነሣለሁ፣ የምተኛው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ከልክ በላይ ክብደት ያላቸውን 10 ሰዎች እየመገበ ለ14 ቀን 8.5 ሰዓት፣ ለሌላ 14 ቀን ደግሞ 5.5 ሰዓት አልጋ ላይ አቆያቸው። ምግቡ ያው፣ የቀነሱት ኪሎም ያው 3 ገደማ። እንቅልፍ ሲያገኙ ከወጣው 1.4 ኪሎው ስብ ነበር፤ ሲነፈጉ 0.6 ብቻ። ቀሪው የወጣው እንዳይነካብህ ከምትፈልገው ነው። ስለዚህ በሳምንት ከምትሠራባቸው ሦስት የጂም ቀናት አንዱን ወደ ቅዳሜ አዛውረውና ያን ሌሊት ተኛበት።