መልስ፦ የትርፍ ሰዓት ማስተማር ፍለጋ

እህቴ፣ በአካውንቲንግ ማስተርስሽን ይዘሽ ዓመት ሙሉ የትርፍ ሰዓት ማስተማር ስትፈልጊ አንድም ኮሌጅ እንዳልደወለልሽ ጽፈሻል። ተስፋ ልቁረጥ ወይ ላልሽው፣ ኧረ በጭራሽ! እኔም አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ወር ሲቪ ይዤ ዞሬያለሁ።

በሩን የከፈተልኝ ማስታወቂያ አይደለም። የግል ኮሌጆች ለማታና ለቅዳሜ እሁድ ክፍሎች መምህር የሚያሟሉት ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩ ሊጀመር ሲል፣ አንዳንዴም ከተጀመረ በኋላ ሰው ሲጎድልባቸው ነው። ስለዚህ ማመልከቻሽን መዝገብ ቤት አስገብተሽ ብቻ አትመለሺ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን በአካል አግኚው። እኔ ዓርብ ማታ ተደወለልኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ማርከር ደርቆ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩት ደረሰልኝ። ዛሬም ሁለት ማርከር ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ሌላው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቃቸው የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ማመልከቻሽ ላይ «ተማሪዎችን በኮስት አካውንቲንግና በኦዲት ለመውጫ ፈተና ማዘጋጀት እችላለሁ» ብለሽ ለይተሽ ጻፊ።

ክፍያውን ግን በጽሑፍ ተዋዋይ። ባስተማርሽው ሰዓት ነው ወይስ በክሬዲት አወር፣ ማለትም ለኮርሱ በተመደበው የትምህርት መጠን? የፈተና እርማት ይታሰባል? መቼ ይከፈላል? እኔ ሳልጠይቅ ገብቼ፣ ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ፤ በጣም ነበር የከፋኝ።

አሁን ነሐሴ ነው፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ውጪ። ሲሳካልሽ እዚሁ ንገሪን፤ ከልቤ እጠብቃለሁ።