እንቁላሉና ሳህኑ

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 10፣ ወንዱ 8 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ። ራት ላይ አማቴ እንቁላሉን ለወንዱ ብቻ ይሰጡታል። «ወንድ ልጅ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ትምህርት ቤት በልታለች» ይላሉ። ልጄ ሳህን አጥባ ስትጨርስ የቤት ሥራዋን እያንቀላፋች ነው የምትሠራው። ሳላስቀይማቸው ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንቁላሉን አየሁ። በሁለተኛው ዓይኔ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ትምህርት ቤት እሱም በልቷል። በዚህ ዕድሜ የወንድና የሴት ልጅ የምግብ ፍላጎት ብዙም አይለያይም። እንዲያውም የወር አበባ ስትጀምር ከወንድሟ የበለጠ አይረን፣ ማለትም ሰውነት ደም የሚሠራበትን ማዕድን፣ የምትፈልገው እሷ ናት። ስለዚህ እንቁላሉን ቀቅዪና «እማማ፣ እርስዎ ያካፍሏቸው» በያቸው። እናቴ የዶሮውን እንቁላል በክር ነበር የምትከፍልልን። የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በእጇ ወጥራ። ሁላችንም ክሩን እያየን ስለሆነ ማንም አያጉረመርምም ነበር።

ሳህኑ ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርሽ። ጓቲማላ በምትባል የመካከለኛው አሜሪካ አገር ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ከ1969 እስከ 1977፣ በአራት መንደሮች ጥናት ተካሂዷል። በሁለቱ መንደሮች አቶሌ የሚባል፣ የወተት ዱቄት ያለበት አጥሚት መሰል መጠጥ ይታደል ነበር። በሁለቱ ደግሞ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ። ልጆቹ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ እንደገና ተፈልገው ተጠየቁ። አቶሌውን በጨቅላነታቸው ያገኙ ሴቶች ከሌሎቹ ከአንድ ክፍል በላይ ገፍተው ተምረዋል። ወንዶቹ በሰዓት የሚያገኙት ገቢ በአማካይ 46 በመቶ ጨምሯል። የሴቶቹ ገቢ ግን ከፍ አላለም። ምግቡ እነሱንም ጠቅሟል፤ ትምህርታቸው ይመሰክራል። የጠበቃቸው ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ የሚያስገኝ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እንቁላሉ እኩል ቢካፈልም ሥራው ካልተካፈለ ለልጅሽ አይበቃትም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ራት እንደተበላ መጀመሪያ ደብተር ይውጣ። ሳህኑ ይቆያል፣ የትም አይሄድም። የቤት ሥራው ሲያልቅ እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያለቀልቃል። በማግስቱ ይቀያየራሉ። አማትሽ «ወንድ ልጅ ሳህን ያጥባል እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ አንቺ ዝም በዪ። ባልሽ እጅጌውን ሰብስቦ ከልጁ ጎን ይቁም። ለእናቱ መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው።