ፕሌንስ፣ ጆርጂያ፦ ከፕሬዚዳንቱ በፊት ስለነበሩት ሐዲድና እርሻ

እህታችን፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆችዎን ይዘው የፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን የትውልድ ከተማ ፕሌንስን ሊያዩ እንዳሰቡ ገልጸው፣ «ስድስት መቶ ሰው የማይሞላባት ከተማ ከካርተር ሌላ ምን ታሪክ አላት? ከአትላንታ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ መሄድስ ያዋጣል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከፕሌንስ አሥር ማይል ያህል በምትርቀው በአሜሪከስ ለዓመታት ኖሬ ስለ ሠራሁና በዚያው መንገድ ስመላለስ ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር ብዙ ስላወጋሁ፣ የማውቀውን በሰፊው ልጽፍልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሄዱ ያዋጣል። ነገር ግን ጉብኝቱን ከካርተር ቤት ሳይሆን ከባቡር ሐዲዱ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙዎቻችን ካርተርን የምናውቃቸው በ1989 የኢትዮጵያ መንግሥትንና የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራን ተወካዮች በአትላንታ ለድርድር በማስቀመጣቸው፣ ወይም የካርተር ማዕከል የተባለው ድርጅታቸው የጊኒ ዎርም በሽታንና በአማራ ክልል ትራኮማን ለማጥፋት በሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ወደ ፕሌንስ ስንሄድ ሰውዬውን ብቻ ፈልገን እንሄዳለን፤ ሰውዬውን ያወጣችውን ምድር ሳናይ እንመለሳለን።

ምድሪቱ አስቀድሞ የክሪክ ሕዝብ ነበረች። ክሪኮች በ1825 እና በ1826 በተፈረሙ ውሎች መሬታቸውን እንዲለቁ ከተደረጉ በኋላ፣ የጆርጂያ መንግሥት በ1827 ለሰፋሪዎች በዕጣ አከፋፈላት፤ ፕሌንስ የምትገኝበት የሰምተር ካውንቲም በ1831 ተቋቋመ። ሰፋሪዎቹ ጥጥ ተከሉ፤ ጥጡንም ያለሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን በአካባቢው ከነበሩት ጥቂት መንደሮች አንዷ፣ ናቡከደነፆር የወርቁን ምስል ካቆመበት ከትንቢተ ዳንኤሉ የዱራ ሜዳ ስሟን የወሰደችው «የዱራ ሜዳዎች» ነበረች። ሆኖም ያቺ መንደር የነበረችው ዛሬ ከተማዋ ባለችበት ቦታ አልነበረም።

ቦታዋን የቀየረው ባቡር ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሳሙኤል ሂዩ ሃውኪንስ የተባሉ የአሜሪከስ የሕግ ባለሙያና ባንከኛ፣ የአካባቢው ገበሬና ነጋዴ በአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ የጭነት ዋጋ ሥር ተይዞ እንዳይቀር ብለው፣ ከአገሬው ሰው በተሰበሰበ ገንዘብ ከአሜሪከስ ወደ ምዕራብ በፕሬስተን በኩል እስከ ላምፕኪን የሚዘልቅ ጠባብ ሐዲድ አስዘረጉ። ሐዲዱ አንድ ማይል ያህል ርቆ ስላለፈ፣ የዱራ ሜዳዎች ሰዎች በ1885 ሱቃቸውንም ቤታቸውንም ወደ እርሱ አዛወሩ፤ ስሟም አጥሮ ፕሌንስ ብቻ ሆነ። አንድ የጥጥ እስር አምስት መቶ ፓውንድ ገደማ እንደሚመዝንና በዝናብ ወራት ጭቃ ላይ በበቅሎ ጋሪ እንደሚጎተት ላሰበ ሰው፣ መንደሩ በሙሉ ተነቅሎ ባቡሩን መከተሉ አያስደንቀውም። የባቡር ጣቢያው በ1888 ተሠራ፤ በ1896 ፕሌንስ በሕግ የከተማነት ደረጃ አገኘች። የሃውኪንስ ኩባንያ መስመሩን ወደ ሳቫናና ወደ ሞንትጎመሪ ከተሞች አቅጣጫ ካስረዘመ በኋላ በዕዳ ወደቀ፤ በ1900 ሐዲዱ ሲቦርድ ኤር ላይን በተባለ የባቡር ኩባንያ እጅ ገባ።

ዋናው መንገድ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ የጡብ ሱቆቹ በአንድ ረድፍ ብቻ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ ያዞሩት በዚህ ምክንያት ነው። ገንዘብ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ በኩል ነበር። ሆኖም ባቡሩ ብልጽግናን ብቻ አመጣ ብሎ መናገር እውነቱን ማጉደል ይመስለኛል። ነጋዴው ለገበሬው ዘርና ማዳበሪያ በብድር የሚሰጠው ገና ያልደረሰውን ሰብል መያዣ አድርጎ ነበር፤ መያዣ አድርጎ የሚቀበለውም በባቡር ተጭኖ ወዲያው የሚሸጠውን ጥጥ ነበር። ስለዚህ ገበሬው የሚበላውን እህል መዝራት ትቶ ጥጥ ላይ ጥጥ ሲጨምር፣ መሬቱም ሰውየውም ደከሙ። በ1910ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጥጡን ፍሬ ከውስጥ የሚበላው ነቀዝ ጆርጂያ ደረሰ። ኦቾሎኒ በዚያ አገር የተስፋፋው ከዚህ ችግር በኋላ ነው፤ ዛሬ ከአሜሪካ ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ የሚመረተው በጆርጂያ ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምለምንዎ፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በሐዲዱ ዳር ያለውን የአርቸሪን መንደር ነው። ካርተር በ1924 የተወለዱት በፕሌንስ ሆስፒታል ቢሆንም (በሆስፒታል የተወለዱ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናቸው)፣ ያደጉት ከ1928 ጀምሮ በዚህ እርሻ ላይ ነው። በአርቸሪ ከካርተር ቤተሰብና ከሐዲድ ጥገና አለቃው ቤተሰብ በቀር ነዋሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል ጥቁር ነበር፤ የአፍሪካን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩት ዊልያም ዴከር ጆንሰን በዚያው ትምህርት ቤት አቋቁመው ነበር። የካርተር ቤት ውኃ በእጅ ይቀዳበት የነበረ ቤት ነው፤ መብራት የገባለት በ1938 ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ሱቅ ሳያዩ እንዳያልፉ። የእኩል አራሹ ዓመቱን ሙሉ ዱቄቱን፣ ጋዙንና ጨርቁን እንዲህ ካለች ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ በመከር ጊዜ ድርሻው ከዕዳው ጋር ይተሳሰባል፤ በብዙ ቦታ ሒሳቡን የሚይዘው የመሬቱ ባለቤት ራሱ ስለነበረ፣ ሠርቶ ያደረው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ባዶ እጁን ወይም ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ከእኛ ወገን የጭሰኛን ኑሮ በቤተሰቡ ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚያች ሱቅ ውስጥ ሲቆም ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሥራው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ለልጆችዎ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው። ኦቾሎኒ የሚያፈራው ከአፈር በታች ስለሆነ፣ በበቅሎ በሚጎተት ማረሻ ሥሩ ይቆረጣል፤ ሰዎች ጎንበስ ብለው ተክሉን በእጃቸው እየነቀሉ አፈሩን ያራግፋሉ፤ ከዚያም በማሳው ውስጥ በተተከሉ እንጨቶች ዙሪያ ፍሬውን ወደ ውስጥ አድርገው ይከምሩታል፤ ለሳምንታት ደርቆ ወደ መውቂያው የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሹ ካርተር ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳይሞሉ እሸቱን ነቅለው፣ አጥበውና በጨው ቀቅለው፣ ሐዲዱን ይዘው በእግራቸው እየሄዱ በፕሌንስ ጎዳና ይሸጡ ነበር።

ካርተር በሕይወት ዘመናቸው ደጋግመው የተናገሩትን አንድ ታሪክ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆመው ለልጆችዎ ያጫውቷቸው። በሰኔ 1938 ጥቁሩ ቦክሰኛ ጆ ሉዊስ ከጀርመኑ ማክስ ሽሜሊንግ ጋር ሲጋጠም፣ የአርቸሪ ጥቁሮች ሬዲዮ ስላልነበራቸው የካርተርን አባት አስፈቅደው በመስኮቱ ሥር ተሰብስበው አዳመጡ። ሉዊስ ገና በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ። የቤቱ ጌታ የሽሜሊንግ ደጋፊ ነበሩና፣ ሰዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ አመስግነው፣ መንገዱንና ሐዲዱን ተሻግረው ወደ ራሳቸው ቤት ገቡ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጩኸታቸውና ዕልልታቸው ሌሊቱን ሙሉ ተሰማ። ሐዲዱ በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ ምን ዓይነት ወሰን እንደነበረ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። በባቡሩ ውስጥም ቢሆን ነጭና ጥቁር በተለያየ ፉርጎ እንዲሳፈሩ ጆርጂያ በ1891 በሕግ ደንግጋ ነበር። ያንኑ ባቡር ተሳፍረው ወደ ሰሜን ከተሞች ለዘለቄታው የሄዱት ጥቁሮችም እጅግ ብዙ ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተሩና የኦቾሎኒ መንቀያ ማሽኑ የብዙ ቤተሰቦችን ጉልበት ተኩ። የጭነት መኪናውም የባቡሩን ሥራ ወሰደ፤ በ1951 የመንገደኛ ባቡር በፕሌንስ መቆሙን አቆመ። ካርተር አባታቸው ሞተው በ1953 ከባሕር ኃይል ሲመለሱ ያገኟት ከተማ ይህች ነበረች። የኦቾሎኒ መጋዘኑን ተረክበው ሥራ ሲጀምሩ የዘር መለያየትን ለማስጠበቅ የተቋቋመው የነጭ ዜጎች ምክር ቤት አባል እንዲሆኑ ተጠየቁ፤ እምቢ በማለታቸው ደንበኞች ለጊዜው ሸሿቸው። በ1965 የከተማዋ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ላለማስገባት ድምፅ ሲሰጥ፣ ከጥቂቶች ጋር የተቃወሙትም እርሳቸውና ቤተሰባቸው ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ከተማዋ ደግ ልጅ ስላወጣች ራሷም ደግ ነበረች ብለን እንዳናስብ ነው። በአሜሪከስ አቅራቢያ ነጭና ጥቁር አብረው ያርሱበት የነበረው የኮይኖኒያ እርሻ በ1950ዎቹ ጥይትና ፈንጂ ተወርውሮበታል፤ የሚገዛውም የሚሸጥለትም እስኪያጣ ድረስ አድማ ተመትቶበታል።

ጣቢያው ዳግም ሰው የሞላበት በ1976 ነው። ለካርተር የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ዘመቻ ጽሕፈት ቤት የሚሆን፣ መጸዳጃ ያለው ባዶ ሕንፃ በከተማዋ ሌላ ስላልተገኘ የተመረጠው ያ አሮጌ ጣቢያ ነበር። በጥር 1977 ደግሞ የፕሌንስ ሰዎች «የኦቾሎኒው ልዩ ባቡር» በተባለው ባቡር ለበዓለ ሲመቱ ዋሽንግተን ወረዱ። ዛሬ የከተማዋ ሕዝብ ቁጥር እየቀነሰ ነው፤ በ2010 776 የነበረው በ2020 ቆጠራ 573 ሆኗል።

ስለ ጉዞው ቅደም ተከተል፦ ጠዋት አርቸሪ ይሁኑ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ልጆቹ ግቢውን ዞረው ያያሉ። ቀጥሎ ጣቢያውንና የጡብ ሱቆቹን ይዩ፤ በመጨረሻም የጎብኚዎች ማዕከል ወደ ሆነው ወደ አሮጌው የፕሌንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሂዱ። በመስከረምና በጥቅምት ከሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ኦቾሎኒው ተነቅሎ ተገልብጦ ፀሐይ ሲመታው ያያሉ። ከኮርዲል ከተማ ተነሥቶ በአሜሪከስና በፕሌንስ አልፎ እስከ አርቸሪ የሚሄድ የጎብኚ ባቡር በዚያው በሃውኪንስ መስመር ላይ ይሠራል፤ በየቀኑ ስለማይሄድ መርሐ ግብሩን አስቀድመው አይተው ትኬት ይቁረጡ።