የአፍሪካና የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ፦ ከሁለቱ የቱን ልያዝ?

እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሽ ሦስተኛ ዓመትሽ ነው። አንድ የአሜሪካ የመንግሥት ሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካና የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ፈልጎ ያወጣውን ማስታወቂያ አይተሽ፣ "ጋሼ፣ ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ፤ ግን ከሁለቱ የቱን ልያዝ? ማስተርሱንስ በቴፍል (በእንግሊዝኛ ማስተማር ዘዴ) ልማር ወይስ በሥነ ጽሑፍ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ወንድምሽ ደግሞ "ሥነ ጽሑፍ ምን ያበላል፣ አካውንቲንግ ተማሪ" እያለሽ ነው።

አብሽሪ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን መንገድ አለው።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን እንረዳው። ሊበራል አርትስ በሚባሉት ቦታዎች ተማሪው ባዮሎጂም ይማር ኮምፒውተር፣ ታሪክና ፍልስፍና ሥነ ጽሑፍም ሳይቀምስ አይመረቅም። ክፍሎቹ አነስ ያሉ ናቸው፣ ትምህርቱም በውይይት ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኞቹ የግል ናቸው፤ እንደ ሚዙሪው ትሩማን ስቴት ያሉት የመንግሥት የሆኑት ጥቂት ናቸው። ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዘመን ብቻ አንድ ሰው ሊቀጥር ይችላል። እነዚህ ግን ዲፓርትመንታቸው ትንሽ ስለሆነ አንዱን ሰው ሁለት ሦስት ነገር ያስይዙታል፣ ከዚያም ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጽሑፍ ትምህርት ይጨምሩበታል። ስለዚህ "የቱን ልያዝ" የሚለው ጥያቄሽ እዚያ ቤት አይሠራም። የሚፈልጉት ሁለቱን አገናኝቶ ማስተማር የሚችል ሰው ነው።

የሚገናኙባቸውን የታወቁ ቦታዎች ታውቂያቸዋለሽ ብዬ አስባለሁ። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አወጣ፣ በ1975 ደግሞ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቆሞ የብሪታንያው ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድ አፍሪካን የሳለበትን መንገድ በግልጽ ተቸ። በ2021 ኖቤል የተሸለመው አብዱልራዛቅ ጉርናህ ዛንዚባር ተወለደ፣ እንግሊዝ ኖረ፣ ኬንት ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እሱን በየትኛው መደርደሪያ ታስቀምጪዋለሽ፣ በአፍሪካው ወይስ በብሪታንያው? ይህን ጥያቄ ግን ማንኛውም አመልካች ያነሳዋል። አንቺ ያለሽ ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሽውም።

ግሸንን ማለቴ ነው። መስከረም 21 ሲደርስ ተሳላሚው በደሴ በኩል ሲያልፍ እያየሽ ነው ያደግሽው። የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚጠበቁባት ያቺ አምባ ወሬዋ አውሮፓ ደርሶ ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ የአበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት ተራራ ብሎ "አማራ"ን ይጠራል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፣ በ1759 ደግሞ ስለ አቢሲንያው ልዑል ስለ ራሴላስ ጻፈ። የሚገርመው ልዑሉን ያስቀመጠው በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። እኛ የምናውቃት ግሸን ተራራ ናት፣ አናቷ ላይ ይወጣባታል እንጂ ወደ ታች አይገባባትም! ገጣሚው ኮልሪጅ ደግሞ በ1816 ባሳተመው ግጥም ስለ አንዲት አበሻ ልጃገረድና ስለ አቦራ ተራራ ይዘምራል፤ በእጁ የጻፈው ቅጂ ላይ ያለው ግን "አማራ" የሚል ነው።

እስቲ አስቢው። ተራራዋ በጆንሰን መጽሐፍ ሸለቆ ለምን ሆነች? ማን ነገረው? ምን ፈልጎ ለወጠው? ይህን ጥያቄ ከተራራው ጥግ ያደገ ሰው ሲጠይቀውና ለንደን ያደገ ሰው ሲጠይቀው አንድ አይደለም። ከዚያ ወዲያ መቅደላ አለልሽ፣ እሱም እዚሁ ደቡብ ወሎ። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከአምባው የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጠዋል። የብሪታንያን ሥነ ጽሑፍ ከወሎ ቆሞ ማንበብ ማለት ይህ ነው።

በአፍሪካ በኩልም ቢሆን ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ኬንያዊው ደራሲ ኑጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ በ1968 ናይሮቢ ላይ "የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ይቅር፣ አፍሪካ መሃል ትሁን" ብለው ሲከራከሩ፣ የቃል ሥነ ጽሑፍ ከሥርዓተ ትምህርቱ ዋና ቦታ ይያዝ ነበር ያሉት። አንቺ መንዙማ እየሰማሽ፣ አምባሰልና ባቲ እያንጎራጎርሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን የ1968ቱን እና የዳኛቸው ወርቁን የ1973ቱን የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶችም ፈልጊ። ሁለቱም አቼቤ በታተመበት በዚያው የሃይነማን አሳታሚ የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ የወጡ ናቸው። በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፣ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ማስተርሱ። በሥነ ጽሑፍ ተማሪ። ቴፍል መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እንግሊዝኛ የማስተማር ዘዴ የተማረ ሰው አገር ውስጥ ሥራ ቶሎ ያገኛል፣ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ግን አንቺ የምትፈልጊው ስለ ራሴላስ ሁለት ሰዓት ማውራት ከሆነ፣ በቴፍል ገብተሽ ስለ ሰዋስው ፈተና ጥናት ስትሠሪ ሁለት ዓመት ያልፍሻል። የድህረ ምረቃ ብሔራዊ መግቢያ ፈተናውን ከአሁኑ ተዘጋጂበት።

እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ በኋላ ደግሞ አትደንግጪ። አዲስ የገባ መምህር በብዛት የሚደርሰው የፍሬሽማን ኮሚኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ነው፣ እሱም በትልቅ ክፍል። የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍን ኮርስ ነባሮቹ ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ። ጠብቂ፣ ግን ኮርሱ ሲመጣ ምን እንደምታስተምሪበት ቀድመሽ ጻፊው።

ለአሜሪካው ሥራ ፒኤችዲ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ጥሩ ፕሮግራሞች ክፍያውን ሸፍነው፣ ረዳት አስተማሪ አድርገው የወር አበል ይሰጡሻል። ይህን የማይሰጥ ከሆነ ተቀበልንሽ ቢሉሽም አትሂጂ፤ ለሥነ ጽሑፍ ፒኤችዲ ዕዳ ውስጥ መግባት አይገባም። ማመልከቻው በብዛት ታኅሣሥና ጥር ላይ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያ እንዲያነሱልሽ ጠይቂ፣ አያሳፍርም። ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው የጽሑፍ ናሙናሽ ነው፣ ወደ 20 ገጽ የሚጠጋ የራስሽ ትንተና። ብዙ ልጆች ናሙናውን በመጨረሻው ሳምንት ከመመረቂያ ጽሑፋቸው ቆርጠው ይልካሉ፣ እዚያው ላይ ይወድቃሉ። ከፒኤችዲው በኋላም ቢሆን ቦታው ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ወንድምሽ የሚለው ከፍቅር ነው፣ አትጣይው። ግን አካውንቲንግ ላልወደደው ሰው እሱም ቢሆን አያበላም። አንድ ነገር ቃል ግቢለት፦ ሙሉ ወጪሽን የሚሸፍን ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ የማስተማር ሥራሽን አትለቂም። ሥራሽ ደግሞ ይጠቅምሻል። እንዲህ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቀጥሩ ማስተማርሽን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። 11ኛ ክፍል አንድ አጭር ልብ ወለድ አስነብበሽ ምን እንደሆነ፣ የቱ ላይ ተማሪዎቹ ዝም እንዳሉ፣ የቱ ላይ እንደተንጫጩ ማታ ማታ ጻፊ።

የጆንሰንን መጽሐፍ በነጻ ከኢንተርኔት አውርጂው፣ የቆየ ስለሆነ ባለመብት የለውም። አጭር ነው። ሸለቆውን የገለጸባቸውን የመጀመሪያ ምዕራፎች አንብቢና ስለዚያ ብቻ ሦስት ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። የሌላ ሰው ትንተና አስቀድመሽ እንዳታነቢ። በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሻይ እየጠጣን መስመር በመስመር እናየዋለን።