ጥያቄና መልስ፦ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚዛመቱ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ካልቸር ክፍል (ከበሽተኛ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅለን የምንለይበት) ነው። ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲኩን የሚላመደው ሰውነታችን ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። ለዚህም ነው አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ አራስ ልጅ እንኳ በተላመደ ባክቴሪያ የሚያዘው።

ጥያቄ፦ ለምን ሆስፒታል ውስጥ ይብሳል?

መልስ፦ አቅም ያጣ በሽተኛ፣ ብዙ አንቲባዮቲክና ከአልጋ አልጋ የሚዞር እጅ የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) እና ካኑላም (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለባክቴሪያው በር ይከፍታሉ።

ጥያቄ፦ በሽተኛው ለብቻው ከተኛ መዛመቱ አይቆምም?

መልስ፦ ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለው የኤንአይኤች (የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም) ሆስፒታል የሆነውን እዩ። አንዲት ሴት መድኃኒት የተላመደ፣ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ይዛ መጣች። ስለታወቀ ለብቻዋ ተኛች፤ በኋላም ወጣች። ከሳምንታት በኋላ ባክቴሪያው ሌላ በሽተኛ ላይ ብቅ አለ። በጠቅላላው 18 ሰው ላይ ተገኘ። 11ዱ ሞቱ፤ ከእነዚህ 6ቱን የገደለው ይኸው ባክቴሪያ ነበር። የጂን ምርመራው ምንጩ ከመጀመሪያዋ ሴት መሆኑን አሳየ። ባክቴሪያው እጅ መታጠቢያ ገንዳ ቱቦ ውስጥ ተገኘ። አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ላይም መሣሪያው ከጸዳ በኋላ እንኳ ነበር! አስቸጋሪው ነገር ምንም ሳያሳምም አንጀት ውስጥ ተደብቆ መቆየቱ ነው። ያልተመረመረ ሰው ተሸክሞት ይዞራል።

ጥያቄ፦ ካልቸር ለምን ቀናት ይፈጃል?

መልስ፦ ባክቴሪያው መብቀል ስላለበት ነው። ሲበቅል ሳህን ላይ እንዘራውና መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ክብ ይወጣል። ባክቴሪያው ከተላመደ ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ግጥም ብሎ ይበቅላል። እንዲህ ያለ ሳህን ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ከጀርባው የሚጠብቅ በሽተኛ አለ። በጠና ለታመመ ሰው ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒት ይጀምራል፣ በኋላ ያስተካክላል። ሲቻል ናሙናው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ።

ጥያቄ፦ ሳኒታይዘር ይበቃል?

መልስ፦ እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ አዎ። ካለ ግን ውሃና ሳሙና።

ጥያቄ፦ እናቴን ሆስፒታል እያስታመምኩ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ። ከመንካትሽ በፊትም በኋላም እጅሽን ታጠቢ። እኛ አገር አስታማሚ የጎረቤት አልጋውንም በሽተኛ ደግፎ ያነሳል፤ ደግ ነው። ወደ እናትሽ ከመመለስሽ በፊት ግን እንደገና ታጠቢ። የሽንት ከረጢቱ ወለል አይንካ። ካቴተሩንም በየቀኑ «ዛሬስ ያስፈልጋታል?» ብለሽ ጠይቂ። ነርሷ ልትነካት ስትመጣ «እጅሽን ታጥበሻል?» ማለትም ነውር የለበትም።